መድኃኒቱን የደበቀስ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ተረቱ ሕመምተኛውን ይወቅሳል፤ አፉን ከፍቶ የሚያመውን እንዲናገር ያዝዘዋል፤ ሳይናገር ቢሞት ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ ይፈርድበታል። ፍርዱም ትክክል ነው። ነገር ግን በዚህ ተረት ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው በሽታውን የያዘ፥ ሁለተኛው መድኃኒቱን የያዘ። ስለ ፊተኛው ዘወትር ስንናገር ስለ ኋለኛው ዝም ማለታችን ለምንድን ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት ካልተገኘለት፥ መድኃኒቱን የደበቀስ ምን ይገኝለታል?

ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ለክርክር ያህል አይደለም። በጎልማሳነቴ በገዛ ቤቴ ተማሪ ሆኜ ስቀመጥ ጥያቄው ራሱ መጥቶ ከፊቴ ስለ ቆመ ነው።

የምኖርባት ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ዝናቧ የበዛ፥ መሬቷ ለም ስለ ሆነ ከአንድ መካከለኛ ግቢ አጥር ሥር ብቻ ግራዋው፥ ሰንሰሉ፥ እንዶዱ፥ ዳማ ከሴው በቅሎ ይገኛል። ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ወደ ዴዴሳ ቆላ የወረደ እንደሆነ ደግሞ ዕፁም ይለወጣል፥ በሽታውም ይለወጣል፤ በዚያ ወባ ይበረታል። የአገሩ ሰው መድኃኒትን «ቆሪቻ»፥ አዋቂውን «ኦጌሳ» ይለዋል። ኦጌሳ ማለት ለመድኃኒት አዋቂ ብቻ የሚሰጥ ስም አይደለም፤ እጁ ሥራን የለመደ፥ ነገርን በብልኀት የሚሠራ ሰው ሁሉ ኦጌሳ ነው። ስለዚህ ቃሉ ራሱ ዕውቀት ከሥራ የማይለይ መሆኑን ይመሰክራል።

በአገራችን ልማድ የመድኃኒት ዕውቀት የሚተላለፍበት መንገድ በአብዛኛው ሁለት ነው። አንደኛው ከአባት ወይም ከእናት ለተመረጠ አንድ ልጅ በቃል ይሰጣል፤ ሁለተኛው በቤተ ክህነት ትምህርት ውስጥ ላለፈ ደብተራ በግእዝና በአማርኛ ከተጻፈ የመድኃኒት መጽሐፍ ይደርሰዋል። አርባ አምስት ዓመት የሞላው፥ ቀን በቢሮ ውሎ ማታ ደብተር የሚገልጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ግን በሁለቱም መንገድ ስፍራ የለውም። እኔ ይህ ሰው ነበርሁ። ለመማር ያነሣሣኝም እናቴ ናት። እርሷ በሕይወት ሳለች ቤተሰቡን ሁሉ ከአጥር ሥር በምትቀጥፈው ቅጠል ታክም ነበር። ባረፈች በዓመቱ ልጄን ሌሊት ሆዱን ቢያመው፥ ከዚያው አጥር ሥር ቆሜ የትኛውን ቅጠል ትቀጥፍ እንደ ነበር ማወቅ ተሳነኝ። ቅጠሉ አለ፤ ሕመሙም አለ፤ ሁለቱን የምታገናኘው ዕውቀት ግን ከእናቴ ጋር ተቀብራለች።

ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ «አዮ» እያለ ወደሚጠራቸው አሮጊት ጎረቤቴ ዘንድ ሄጄ እንዲያስተምሩኝ ለመንኋቸው። አፍሬ ነበር፤ ሽበት ይዞ ተማሪ መሆን ያሳፍራልና። እርሳቸው ግን ሳቁና እንዲህ አሉኝ፤ «እኔ ፊደል የቆጠርሁት ልጅ ታቅፌ ነው። ያስተማረችኝ ልጅ ዕድሜዋ ከእኔ በብዙ ያንስ ነበር። ገንዘብ አልጠየቀችኝም፤ ‹ይህ ምስጢር ነው› ብላም አልከለከለችኝም። ያንን ብድር ለማን ልመልስ ኖሯል?»

የሚናገሩት በ1971 ዓ.ም. ስለ ተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነበር። ያ ዘመቻ በመጀመሪያው ዙር በአምስት ቋንቋዎች ሲያስተምር አንዱ ኦሮምኛ ስለ ነበር፥ አዮ ማንበብን የተማሩት በአፍ መፍቻቸው ነው። የእርሳቸውም የመድኃኒት ዕውቀት ታሪክ ያለው ነው። አባታቸው ታዋቂ ኦጌሳ ሲሆኑ፥ እንደ ልማዱ ምስጢሩን የሰጡት ለታላቅ ወንድማቸው ነበር። ወንድማቸው ለማንም ሳይናገር በድንገት ሞተ። «ያባቴ ቆሪቻ ከወንድሜ ጋር ተቀበረ። እኔ የማውቀው ቅርጫት ተሸክሜ ስከተለው በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው» ይላሉ።

በመጀመሪያው ወር አንድም መድኃኒት አላስተማሩኝም። ማየትን ነው ያስተማሩኝ። የቅጠሉን ገጽና ጀርባ፥ ሽታውን፥ ሲቀጠፍ የሚያወጣውን ወተት፥ በክረምትና በበጋ የሚለዋወጠውን መልኩን እንድለይ አዘዙኝ። «ዕፅን አበባ ሲያወጣ ያላየ ሰው አላየውም» የሚል ደንብ አላቸው። እኔም እንደ ሙያዬ ደብተር አዘጋጅቼ ሦስት ዓምድ አሰመርሁበት፤ በአንዱ የአማርኛውን ስም፥ በሁለተኛው የኦሮምኛውን፥ በሦስተኛው የሊቃውንቱን የላቲን ስም። ግራዋ ኢቢቻ ሆነ፤ ቢሳና በካኒሳ ሆነ፤ ኮሶ ሄጦ ሆነ። ሦስተኛው ዓምድ ለይምሰል የተጨመረ አልነበረም። በየአውራጃው አንዱ ስም ለሁለት ዕፅ፥ አንዱ ዕፅ በሁለት ስም ሲጠራ ይገኛልና፥ በስም የሚሳሳት የመድኃኒት ተማሪ ሰው ይገድላል። እንቆቆን ሊቃውንቱ «ኤምቤሊያ ሺምፔሪ» ማለታቸውን ሳነብ፥ እ.ኤ.አ. ከ1837 ጀምሮ በኢትዮጵያ ተቀምጦ ዕፅ ሲሰበስብ ኖሮ በ1878 በዓድዋ የሞተው ጀርመናዊው ሺምፐር በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ ያዋለውን ድካም አሰብሁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንትም ከስዊድንና ከሌሎች አገሮች ጓደኞቻቸው ጋር በመሆን የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት በሙሉ መርምረው ለመጻፍ እ.ኤ.አ. በ1980 የጀመሩትን ሥራ የፈጸሙት በ2009 ነው። አንድን ቅጠል በትክክል «ይህ ነው» ለማለት 29 ዓመት ያህል የደከሙ ሰዎች ካሉ፥ የቤት ተማሪ አንድ ወር ቢታገሥ ምን ይደንቃል?

ቀጥሎ የመጣው ትምህርት ልክ ነበር። ስለ ኮሶ ስንማር አዮ «አንድ እፍኝ» አሉኝ። «የማን እፍኝ?» ብዬ ብጠይቃቸው «የእኔ ነዋ!» ብለው ሳቁ። እኔ ግን ደረቁን አበባ ወስጄ በባለ ሱቁ ሚዛን መዘንሁት፤ የእኔ እፍኝ የእርሳቸውን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ኮሶ ትልን የሚያስወጣ የታወቀ መድኃኒት ሲሆን ልኩን ያለፈ እንደሆነ ዓይንን የሚያጠፋ፥ አልፎም የሚገድል ነው። እንግዲህ በመድኃኒትና በመርዝ መካከል ያለው ድንበር የአንድ አሮጊትና የአንድ ጎልማሳ መዳፍ ልዩነት ሆኖ ተገኘ። አዮ ሚዛኑን ባዩ ጊዜ ሳቃቸውን ትተው «እስከ ዛሬ የተማረልኝ እግዚአብሔር ነው» አሉ፤ ከዚያ ቀን በኋላም በእፍኝ አላስተማሩኝም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። መድኃኒቱን የሚደብቅ ሰው ምክንያት የሌለው አይምሰለን። አንደኛ፥ ምስጢሩ እንጀራው ነው፤ ለሁሉ ከነገረ ማን ወደ እርሱ ይመጣል? ሁለተኛ፥ ምስጢሩ ክብሩ ነው። ክብሩንም የምንነፍገው እኛው ነን፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ጠላቶች ታላቁን ንጉሥ ለማዋረድ የመረጡት ስድብ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» የሚል እንደ ነበር እናስታውስ። መድኃኒቱን ጠጥቶ የሸጠችለትን ሴት የሚሰድብ ሕዝብ ባለመድኃኒቱ ቢሸሸገው ሊያማርር አይገባውም። ሦስተኛ፥ ዕውቀቱ ከክፉ ሰው እጅ እንዳይገባ ይሠጋል፤ ልብስ የሚያነጻው እንዶድ ሰውንም ሊገድል ይችላልና። አራተኛ፥ የተነገረ መድኃኒት ይረክሳል፥ ኃይሉን ያጣል የሚል እምነት ከአባቶቹ ተቀብሏል። አምስተኛ፥ ባዕድ መጥቶ ይወስድብኛል ብሎ ይፈራል። እነዚህን ምክንያቶች «ድንቁርና» ብሎ የሚያልፍ ሰው ራሱ ያልመረመረ ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ እውነት አላቸው እያልሁ እቀበላቸው ነበር፤ ሐሳቤን የለወጠው በ2011 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ምሽት የሆነው ነገር ነው።

ከዚያ በፊት ከከተማው ውጭ የሚኖሩ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ለእብድ ውሻ በሽታ የሚሰጥ መድኃኒት ነግረውኝ ነበር። መድኃኒቱ ከእንዶድ ሥር የሚዘጋጅ ሲሆን፥ ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል። እኔም በደብተሬ ጽፌ ከጎኑ «ሰባት ሰው አድኗል» የሚል ቃላቸውን አኑሬበታለሁ። በዚያ ምሽት አንድ ጎረቤት የሰባት ዓመት ልጁን ተሸክሞ መጣ። ባለቤት የሌለው ውሻ ባቱን ነክሶት ሸሽቷል። አባትዮው ደብተር እንዳለኝ ሰምቷልና «እባክህ፥ ጋሼ፥ አንድ ነገር ስጠው» አለኝ። በዚያን ጊዜ የተሰማኝን እውነቱን ልናገር፤ ፍርሃት ሳይሆን ደስታ ነበር። የተማርሁት ትምህርት ሰው የሚያድንበት ሰዓት ደረሰ አልሁ። ባትሪና ዶማ ይዤ ወደ አጥሩ ወጣሁ።

አዮ ብርሃኑን አይተው ከደጃቸው «በዚህ ሌሊት ምን ትቆፍራለህ?» ብለው ጠየቁኝ። መሐላዬ ትዝ አለኝ፤ ዝም አልሁ። ደግመው ጠየቁኝ። የልጁም ልቅሶ ይሰማል። በመጨረሻ መሐላዬን አፍርሼ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «ልትሰጠው የሄድኸው ያወቅኸውን ነው ወይስ የጻፍኸውን?» አሉኝ።

ሃያ ዓመት በመዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። የተጻፈ፥ የተፈረመና የተመዘገበ ነገር እውነት ነው ብዬ እኖር ነበር። በዚያች ሰዓት ግን የጻፍሁትን እንጂ ያወቅሁትን እንዳልያዝሁ ገባኝ። ዶማውን ጣልሁ። የልጁን ቁስል በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ሩብ ሰዓት ያህል አጠብነው፤ አባቱም በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ወሰደው፤ ክትባቱም ተጀመረለት።

ልጁ ዛሬም አለ፤ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ነገር ግን ታሪኩን የምነግራችሁ ለዚህ አይደለም። ያ ውሻ እብድ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አናውቅም። እብድ ባይሆን ኖሮ ልጁ ያለ ምንም መድኃኒት በዳነ ነበር። እንዶዱን ሰጥቼው፥ ልጁም ከውሻው በሽታ ቀድሞውኑ ነጻ ሆኖ በሕይወት ቢቀር፥ እኔ በደብተሬ «ስምንተኛው ሰው» ብዬ እጽፍ ነበር! ሰባቱስ የተቈጠሩት እንዴት ይሆን? የነከሰ ውሻ ሁሉ እብድ አይደለም፤ በእብድ ውሻ የተነከሰም ሁሉ አይታመምም፤ በሽታውም ብዙውን ጊዜ ከሳምንታት እስከ ወራት ተደብቆ ይቆያል። ስለዚህ የዳነው ሰው ለመድኃኒቱ ምስክር ሆኖ በአደባባይ ይቆማል፤ የሞተው ግን «ዕድሉ ነው» ተብሎ ይቀበራል። ሙት አይመሰክርምና መድኃኒቱ ከሳሽ የለውም። በሽታው አንዴ ምልክቱን ካሳየ በኋላ ግን የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ የሚያድነው ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ልጅ የሰጠው ዓይነት፥ በጊዜው የሚወሰድ ክትባት ነው። ሽማግሌው አልዋሹኝም፤ ያመኑበትን ነገሩኝ። ነገር ግን ምስጢር ስለ ሆነ ማንም አልጠየቃቸውም፤ እኔም አስምለውኝ ስለ ነበር ማንንም አልጠየቅሁም። አዮ እንኳን የሰሙት መሐላዬን በማፍረሴ ነው። እንግዲህ ያን ልጅ ለአደጋ አቅርቦት የነበረው እንዶዱ ብቻ ሳይሆን መሐላው ጭምር ነው።

ይህም በነቀምቴ ብቻ የታየ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ አገር በሽሮፕሺር አውራጃ የምትኖር አንዲት አሮጊት የሰውነትን እብጠት የምታድንበት የምስጢር መድኃኒት ነበራት። እ.ኤ.አ. በ1775 ሐኪሙ ዊሊያም ዊዘሪንግ ስለዚህ መድኃኒት አስተያየቱን ተጠየቀ። ከ20 በላይ ቅጠላ ቅጠል የተደባለቀበት ሲሆን፥ ኃይሉ ያለው ዲጂታሊስ በሚባለው በአንዱ ብቻ መሆኑን ለየ። ከዚያ አሥር ዓመት ሙሉ ልኩን ሲመረምር ቆይቶ በ1785 መጽሐፉን ሲያሳትም፥ የዳኑለትን ብቻ ሳይሆን ያልዳኑለትንም አብሮ ጻፈ። የአሮጊቷ ዕውቀት ለዓለም የተረፈው በዚህ ዓይነት ነው። ዛሬም በዴዴሳ ቆላ ወባ የያዘው ገበሬ ከጤና ጣቢያ በሚቀበለው ኪኒን ውስጥ ያለው ኃይል መነሻው የቻይና ባህላዊ ቅጠል ነው። ቱ ዩዩ የተባለችው ሊቅ ከ1,600 ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው መጽሐፍ «በውኃ ዘፍዝፈህ ጭመቀው» የሚለውን ምክር አንብባ፥ ማፍላት ኃይሉን እንደሚያጠፋው አስተዋለች፤ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። ያ የጥንት ጸሐፊ ምክሩን ደብቆ ቢሞት ኖሮ ይህ ባልሆነም ነበር።

የራሳችንም ምሳሌ አለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ስለ ሆነ ዕፁን መርምረው ለዓለም አስታወቁ፤ በ1989ም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በስዊድን አገር ተሸለሙ። ልብስ አጣቢዎቹ ሥራቸውን በግልጽ ወንዝ ዳር ባይሠሩ ኖሮ ያን ማን ያይ ነበር? የባዕድ ፍርሃትም ከንቱ አለመሆኑን የሚያሳየው ይኸው እንዶድ ነው። በ1990ዎቹ በአሜሪካ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን የውኃ ቧንቧ የሚደፍኑ ዛጎል ለባሾችን ለማጥፋት በማዋል የባለቤትነት መብት አስመዝግቦበታል። ነገር ግን ይህን የሚከላከለው መቅበር ሳይሆን መመዝገብና መጠበቅ ነው። አገራችንም በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብ ዕውቀት የማኅበረሰቡ መሆኑንና ከጥቅሙም ተካፋይ እንደሚሆን ደንግጋለች። ሆኖም ሕግ የሚጠብቀው የታወቀውን ነው፤ ከባለቤቱ ጋር የተቀበረውን ምን ሕግ ይጠብቀዋል? ባለመድኃኒቱ እንጀራውንና ክብሩን እንዳያጣ ማድረግ ደግሞ የእኛ፥ የባለሥልጣኑ፥ የመምህሩና የተማሪው ዕዳ ነው። ዕውቀቱን እንዲገልጥልን ስንጠይቀው ስሙን ከዕውቀቱ ጋር መመዝገብና ድካሙን መክፈል ይገባናል።

የተነገረ መድኃኒት ይረክሳል የሚለውንም እምነት ዛሬ በሌላ ዓይን አየዋለሁ። አዎን፥ ሲነገር የሚረክስ መድኃኒት አለ። በብርሃን ሲመረመር ኃይሉን የሚያጣ መድኃኒት ግን ቀድሞውኑ ኃይል አልነበረውም። ያ የእንዶድ ሥር በእኔ ደብተር ውስጥ የረከሰው አዮ ስለ ሰሙት አይደለም፤ እርሳቸው ስለ ሰሙት የረከሰ መሆኑ ታወቀ እንጂ።

ከዚያ ምሽት በኋላ ደብተሬን እንደ ገና ጻፍሁት። ዛሬ ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው «ያወቅሁት» ይባላል፤ በጣም ጥቂት ገጽ ነው። ሁለተኛው «የሰማሁት» ይባላል፤ ብዙ ገጽ ነው፤ ከዚያ ለማንም አልሰጥም። ሦስተኛው «ወደ ሐኪም ቤት» ይባላል፤ የሕፃን ትኩሳት፥ የውሻ ንክሻ፥ የነፍሰ ጡር ሕመም፥ የማያቋርጥ ተቅማጥ፥ የዓይን ሕመም ሁሉ በዚያ አለ። የሽማግሌውን ስም አልጻፍሁም፤ ዘንድሮም ሄጄ የሆነውን ሁሉ፥ መሐላዬን ማፍረሴንም ጭምር ነገርኋቸው። ተቈጡኝ። ከብዙ ዝምታ በኋላ ግን፥ «ከሰባቱ በፊት የሞተ አንድ ልጅ ነበር፤ እርሱን አልቈጠርሁትም» አሉኝ። ይህን ለመናገር በዚያ ዕድሜ ምን ያህል ድፍረት እንደሚያስፈልግ አንባቢ ይፍረድ። ለእኔ ከሰባቱ መዳን ይልቅ ይህ የአንዱ ሞት መነገር የኦጌሳነታቸው ምስክር ሆነኝ።

በትምህርት ቤት ያለ ተማሪ ቢሳሳት መምህር ያርመዋል፤ በፈተና ይወድቃል፥ እንደ ገናም ይማራል። በቤቱ ብቻውን የሚማር ጎልማሳ ግን ፈታኙ ማን ነው? ስሕተቱን የሚከፍለው የጎረቤቱ ልጅ ነው። ስለዚህ በቤቱ የመድኃኒት ዕውቀት ለመማር የሚነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ቅጠል አይደለም፤ «ያወቅኸውን ነው ወይስ የጻፍኸውን?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ነው። ምስጢር የሚነፍገውም ይህን ጠያቂ ነው።

እንግዲህ የአባቶቻችንን ተረት ሳልነካ የጎደለውን ግማሽ ልጨምርበት ይፈቀድልኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ መድኃኒቱን የደበቀ ደግሞ ለስሕተቱ ሐኪም አይገኝለትም።